የዮሐንስ ዘመንና የተፍኪው ሽምብራ

ነሐሴ 2 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

መስመሩ ዛሬም ተጨናንቋል። ሰበታ ውስጥ አ.አ. ዘመድ የሌለው ሰው የለም ማለት ነው። ሁሉም ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ እናንተስ ጋ ተወርቷል ወይ? እኔ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ማገናኘት ነው። አገናኛለሁ። ከዚያ ጆሮዬን ከመስመሩ ላይ አነሣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ። ላንተ ደግሞ ልዋሽ እንዴ፣ ማስታወሻዬ?

ወሬው ይኸውልህ። አንድ ባሕታዊ መጥቷል። ጸጉሩ ወገቡ ድረስ፣ በእጁ የብረት መስቀል፣ ድምፁ ገበያውን ይሞላል። መስከረም ሲጠባ ዘመኑ ከሉቃስ ወደ ዮሐንስ ይዞራል አይደል? ራእዩን ያየው ዮሐንስ ነው፤ እንግዲያው ራእዩ የሚፈጸመው በዮሐንስ ዘመን ነው ይላል። ጳጉሜን ደግሞ ዘንድሮ ስድስት ቀን ናት። ስድስተኛዋ ቀን፣ ረቡዕ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አበቃ። ስምንተኛው ሺህ ተጠቀለለ። ማረስ ከንቱ፣ መዝራት ከንቱ።

ይህን ሲል የት የቆመ ይመስልሃል? የኛው የስልክ ምሰሶ ሥር! የአውሬውም ምልክት ይኸው ሽቦ ነው አለ፤ አካል የሌለው ድምፅ የሚሄድበት። እኔ እንግዲህ የአውሬው ጸሐፊ መሆኔ ነው። ደመወዜ ግን የአውሬ ቤት ደመወዝ አይመስልም።

ጥሪ መጣ። ደግሞ ያንኑ ሊጠይቁ ነው።

ነሐ. 5፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት

ከተፍኪ አሁን ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ ብቻ። ተናድጃለሁ፤ ጽሑፌ ቢጣመም ታገሠኝ።

ኦቦ ዱጋሳ፣ የባለቤቴ የገመዳ አባት፣ ዘንድሮ ሽምብራ አልዘራም አሉ። ቁርጥ። ባሕታዊውን ተፍኪ ገበያ ሰምተውታል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልህ። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ውሃው ከመረሬው፣ ከጥቁሩ ጭቃ መሬት ላይ፣ ሲሸሽ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ። ካለፈ አለፈ፣ መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሬቱ ደግሞ የሳቸው አይደለም። ባለቤቱ አ.አ. የሚቀመጥ ጌታ ነው፤ ጭሰኞቹን የሚያውቃቸው በእህላቸው ነው። በመስከረም ሰው ይልካል። ጦሙን ያደረ መሬት ካገኘ ለሌላ ይሰጣል። አምና አንዱን ጎረቤት እንዲሁ ነቀለው። ኦቦ ዱጋሳ እዚያ መሬት ላይ ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። ዘንድሮ ካልዘሩ፣ መስከረም ላይ ዓለም ሳታልፍ እሳቸው ከመሬታቸው ያልፋሉ።

ገመዳ የለም። የጭነት መኪናውን ይዞ ጅማ መንገድ ላይ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ከመስከረም በፊት አይመለስም። አማቴ አደ ሎሚ እንዳታርስ፣ በዚህ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። እኔማ የደብረ ብርሃን የከተማ ልጅ፣ ከማረሻው የትኛው ጫፍ መሬት እንደሚነካ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ተከራከርኩ። አባባ፣ እንዴት እንዲህ ያለውን ያምናሉ አልኳቸው። "ኢንተለ ኮ፣ አትዘኚ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ፈገግ ብለው! አደ ሎሚ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ፈገግ ይላሉ። ይህ ፈገግታ ከሁሉ በላይ አናደደኝ።

ነሐ. 8፣ ረቡዕ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት

ከሳሽ ሆኜ ሄጄ ተማሪ ሆኜ ተመለስኩ።

የፍልሰታ ጾም ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቤ/ክ ትርጓሜ አለ። ዘንድሮ ሰዉ ስለተጨነቀ ራእዩን ይተርጉሙልን ብሎ መምህሩን የኔታ ክንፈን ለምኗል። የከሰዓት ተረኛ ስለሆንኩ ሄድኩ። ባሕታዊው ገበሬውን ሲያሳብድ የቤተ ክህነት ሰዎች ዝም ትላላችሁ ወይ ልል ነበር። ንግግሬን መንገድ ላይ ሳሰማምር ነበር የሄድኩት።

አጭር ሽማግሌ፣ የጎጃም ሰው። ጥምጥማቸው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ማንም አያቃናላቸውም። ንባቡን በግዕዝ ይሉታል፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ከዚያ አንድም ይላሉ። አለቀ ስትል፣ አንድም። አሁንስ በቃ ስትል፣ አንድም። አንዷ ቃል ጓዳ ውስጥ ጓዳ ያላት ቤት ትሆናለች። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ነው፤ ሌላው ስሕተት። እሳቸው ግን በሩን አይዘጉትም። ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ።

አንድ ነጋዴ አውሬው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የኔታ አልቸኮሉም። የጥንት አባቶች ክርስቲያኑን ያሳድድ የነበረው የሮም ንጉሥ ነው ብለዋል። አንድም፣ በየዘመኑ የሚነሣ ጨካኝ ሁሉ ነው። አንድም፣ በመጨረሻ የሚመጣው ሐሳዊ መሲሕ ነው። ከዚያ ሳቁ። በወረራው ጊዜ እሳቸውም በጉብዝናቸው ፋሺስቱ ነው ብለው ምለው ነበር፤ ፋሺስቱ ሄደ፣ ዓለም ግን ይኸው አለች። "አሁን የምፈራላችሁ፣ ጠላት ሲታጣ ጎረቤታችሁን አውሬ እንዳትሉት ነው" አሉ። ሰዉ ሳቀ። ነጋዴው አልሳቀም፤ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣልቶ ነው የከረመው።

ስለ ዮሐንስ ዘመንም ተነሣ። ዮሐንስማ በየአራት ዓመቱ ይመጣል አሉ፤ ጳጉሜንም በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች፤ እናንተ ራሳችሁ ስንት ጊዜ ተቀብላችሁ ሸኛችኋት? አሮጊቶቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

አይመጣም ግን አላሉም። ይህን ልብ አድርግልኝ። "ይመጣል። በየማለዳው እጠብቀዋለሁ። ቀጠሮውን ግን እንኳን ለኔ ለመላእክትም አልነገረ" አሉ። ሲናገሩ ዓይናቸው በራ። ንግግሬን ዋጥኩት።

ነሐ. 13፣ ሰኞ

ሁለት ነገር ልንገርህ፤ ከደስታዬ ብዛት በቅደም ተከተል መጻፌን እንጃ።

ቅዳሜ ዕለት የኔታ ስልክ ቤት መጡ! እዚያ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ተነሥቶ መስቀል ለመሳለም ተጋፋ። የሚደውሉለት ሰው የላቸውም። ሽቦው የአውሬው ነው ስለተባለ ሊሰሙት ነው የመጡት፤ ሳልሰማ አልፈርድም አሉ። አ.አ. ያለችውን ባልደረባዬን አገናኘኋቸው። እንደምን ዋሉ ስትላቸው ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ከየት ነሽ አሏት፤ ከአራት ኪሎ አለቻቸው። መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ እንደ ያዙ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ። እኔ ደንግጠዋል ብዬ ፈራሁ።

ትናንት በትርጓሜው ላይ ተራው የመለከቱ ነበር። የመጨረሻው መለከት ሲነፋ ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዴት ይሰማዋል፣ ጅሩ ያለው ሰው ጎንደር ያለውን ድምፅ እንዴት ይሰማል፣ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ መምህሮቼን ስጠይቅ ኖሬ ነበር አሉ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞር ብለው፣ ይህችን የስልክ ልጅ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ቅዳሜ ዕለት ቀለለልኝ አሉ። ሰው ከተማ ለከተማ እንዲህ ከተሰማማ፣ ለፈጠረው ምን ይከብደዋል?

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ ጥርሴን ግን መክደን አልቻልኩም። ከአውሬው ጸሐፊነት ወደ መለከቱ ወገን ተዛወርኩ! ዛሬ መስመር ሳገናኝ እጄ ሁሉ ተከበረብኝ።

ነሐ. 17፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ለየኔታ የተፍኪን ነገር ነገርኳቸው። እባክዎ ይምጡና ያስረዱልኝ፣ እንደዚያ ነጋዴ አፋቸውን ያስይዙልኝ አልኳቸው። የጠበቅኩት ነገ እንሂድ ይላሉ ብዬ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። ሰውየው ፈርተዋል ወይስ ደስ ብሏቸዋል?

አላውቅም አልኩ። እንግዲያው ሄደሽ እዪ፤ ያልታየ ቁስል አይታከምም አሉኝ። ተነጫነጭኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ እረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ (ባሰበት) ሰሙኝ።

ነሐ. 26፣ እሑድ ማታ

ከተፍኪ መጣሁ። አልተናደድኩም። ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

ኦቦ ዱጋሳ አልፈሩም። ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። ለሠርግ የሚለብሱትን ጋቢ አሳጥበዋል። የተጣሉትን ሰው ሁሉ እየዞሩ ታርቀዋል። ደጃፋቸው ላይ ወደ መንገዱ ዞረው ይቀመጣሉ፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ሣር ይግጣሉ፤ የጎረቤት ማሳ ሁሉ መታረስ ጀምሯል፤ የሳቸው ብቻ ጥቁር ውሃ አዝሎ ተኝቷል።

አደ ሎሚን ጓዳ ውስጥ ያዝኳት። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ። ምን ሆነው ነው አልኳት። ለረጅም ጊዜ እንቢ ካለች በኋላ ነገረችኝ። ጫልቱ ናት። የገመዳ ታናሽ እኅት፣ አምና ተስቦ የወሰዳት። ባሕታዊው በዚያች ቀን ሙታን ይነሣሉ ሲል ኦቦ ዱጋሳ ገበያው መሐል ተንበርክከው እልል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ተኝተው ያድራሉ፤ ከተቀበረች ወዲህ ተኝተው አያውቁም ነበር።

የሚጠብቁት የዓለምን መጨረሻ አይደለም፤ ልጃቸውን ነው። እኔ ደግሞ ሰውየው ሞኝ ሆኑ ብዬ ክርክር ሳዘጋጅ ከረምኩ! ዛሬ አጠገባቸው ተቀምጬ ወደ መንገዱ አብሬ አየሁ። ምንም አልተናገርኩም፤ ለኔ ይህ ብዙ ነው።

ጳጉ. 1፣ ዓርብ

ለየኔታ ነገርኳቸው። ተናግሬ ስጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የተኙ መሰለኝ። ከዚያ፣ ይህን ሰው ልከራከረው አልችልም አሉ። ተስፋው የኔም ተስፋ ነው። ትንሣኤ ሙታንን የለም ልበለው?

ታዲያ መሬቱስ አልኳቸው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። የጌታው ሰው በመስከረም ይመጣል። አደ ሎሚ በዚህ ዕድሜዋ የት ትግባ?

ለጳጉሜን ስድስት አብረን እንሄዳለን አሉ። ለምን በዚያው ቀን? በዚያ ቀን ብቻውን ሊሆን አይገባም፤ ይህን ብቻ ነው ያሉት። አለቃዬ ለአንድ ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። ዓለም የሚያልፍበት ቀን ስለሆነ ሥራ አይበዛም ብሎ ቀለደ።

ጳጉ. 6፣ ረቡዕ፣ ተፍኪ፣ ማታ

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት አላምነውም።

በጠዋቱ አውቶቡስ መጣን። አውቶቡሱ ላይ የኔታ ምን እንደሚሏቸው ነገሩኝ። ፍቺው ተወዳዳሪ የለውም! አበቃ፣ ረታን አልኩ።

ኦቦ ዱጋሳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ናቸው። የኔታ አካም ጅርቱ ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ አነጋገራቸው ሙሉ በሙሉ ጎጃም ነው፣ አደ ሎሚ እንኳ ፈገግ አለች። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጡ።

"መጽሐፉ ስለዚያች ቀን ሲናገር ሁለት ሰዎች በእርሻ ላይ ይሆናሉ ይላል፤ አንዱ ይወሰዳል፣ አንዱ ይቀራል። የተወሰደው እንግዲህ ከእርሻው ላይ ነው። ከደጃፉ ተቀምጦ የተወሰደ አልተጻፈም። እርስዎና እኔ ሁለት ነን። እንውረድ።"

ኦቦ ዱጋሳ አሰቡበት። በአክብሮት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "እርስዎ ይውረዱ፣ አባቴ። እኔ ከዚህ መንገዱን አያለሁ" አሉ።

ተረታን። ያ ሁሉ ፍቺ! እኔ መሬት ብትከፈትና ብትውጠኝ ወደድኩ።

የኔታ ግን ተነሡ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ታጠቁ፣ በአደ ሎሚ እርዳታ በሬዎቹን ጠመዱና ወረዱ። የየኔታ እርሻ! ያየ ይፍረድ። የመጀመሪያው ትልም ወደ ቀኝ ሄደ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋረጠው። በሬዎቹ ቆመው ዞረው አዩዋቸው። ጅራፉ የገዛ ጥምጥማቸውን መታ። ማረሻው አንዴ አየር ላይ፣ አንዴ እርፉ ድረስ ጭቃ ውስጥ።

ኦቦ ዱጋሳ መንገዱን ያያሉ። ከዚያ በዓይናቸው ጫፍ ማሳውን። ከዚያ መንገዱን። ከዚያ ማሳውን ብቻ። "የግራውን በሬ አይምቱት!" ብለው ጮኹ። የኔታ የሰሙ አይመስሉም፤ ማረሻውን ይዘው ወደ ቦዩ ገቡ። ኦቦ ዱጋሳ በኦሮምኛ የማልጽፈውን ነገር ተናግረው ብድግ አሉ። ነጩን ጋቢ አውልቀው ጣሉት። ሮጡ! ያ እግራቸው የሚያማቸው ሽማግሌ በጭቃው ውስጥ ሮጡ፤ እርፉን ከየኔታ እጅ ነጠቁ።

"ምን ዓይነት እርሻ ነው? ጌታ ሲመጣ መሬቴን እንዲህ ሆኖ ያግኘው?"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸው። የተበላሸውን አቀኑ፣ አዲሱን አረሱ፣ ከሰዓት በኋላ ዘሩን ራሳቸው ይዘው በተኑ። የኔታ ቦይ ያበጃሉ። አደ ሎሚና እኔ ድንጋይ ለቀምን። ግማሹ ደረሰ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁላችንም ቆምን። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ቆምኩ። ወደ ምዕራብ አየን። ፀሐይ ገባች። እንቁራሪቶቹ ጀመሩ። በሬው አፈር አሸተተ።

ኦቦ ዱጋሳ ወሰኑ ላይ ተቀመጡ። "ልጄ አልመጣችም" አሉ። ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ አለቀሱ፤ በቀብሯ ዕለት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም።

የኔታን አየሁ። ይኼኔ አንድ ነገር ይላሉ፣ ለሁሉ ነገር ቃል አላቸው ብዬ። እሳቸው ግን ጭቃው ላይ ከጎናቸው ተቀመጡ፣ ክንዳቸውን ያዙና አብረው አለቀሱ። ሁለት ሽማግሌዎች። በፍልሰታ ከሰማሁት ትርጓሜ ሁሉ ይህ በለጠብኝ። እንዲህ ያለ ሰው ዘመዴ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

መስከረም 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

እንኳን አደረሰህ። ዓለም አለች። ቤ/ክ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ መሆኑ ሲታወጅ ሰዉ እርስ በርሱ ተያይቶ ፈገግ አለ። ባሕታዊው ትናንት ማለዳ ወደ ወሊሶ ሄደ ይላሉ፤ ማንም አልተከተለውም፣ ማንም አልሰደበውም። የኔታ እንዳይሰደብ ለምነዋል። እሱም የሚጠብቅ ሰው ነው፣ የቸኮለ ብቻ አሉ።

አንድ ነገር እየበላኝ ነበርና ጠየቅኳቸው። የኔታ፣ የገበሬ ልጅ አይደሉም እንዴ? ነኝ አሉ። ታዲያ ያ እርሻ ምንድን ነው? በጣም አሰቡ። "አንድም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አርሼ ስለማላውቅ ረስቼው ነው" አሉ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ወደ ቅኔ ማኅሌት ገቡ።

መስ. 4፣ እሑድ፣ 10 ሰዓት

እሑድ ቢሆንም ለበዓሉ ሳምንት ተረኛ ነበርኩ። በሩ ሲከፈት ኦቦ ዱጋሳ። ስልክ ቤት ረግጠው አያውቁም። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው፣ ቆባቸው በእጃቸው። ሰው ሁሉ ሊደውሉ መጡ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ የጌታው ሰው መጣ፣ ወይ አደ ሎሚ ታመመች ብዬ።

ሁለቱም አይደለም። ግማሹ ማሳ ቀርቷል፤ መሬቱ ከዚህ ሳምንት አያልፍም። ማረሱን ያርሳሉ። ሲዘሩ ግን ከኋላቸው የዘሩን እንቅብ ይዛ የምትሄደው ጫልቱ ነበረች፤ እፍኝ እፍኙን የምታቀብላቸው እሷ። ረቡዕ ዕለት እንቅቡን ራሳቸው ያዙት። ከበደኝ አሉ።

ገመዳ በዚህ ሳምንት ይመጣል፣ እሱ ይይዝልዎታል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆባቸውን እያሻሹ መሬት መሬት አዩ፤ እኚህ ሰው እኔን ምንም ለምነውኝ አያውቁም።

"ኮቱ" አሉኝ። ነይ። "አንቺ ያዢልኝ።"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት መስመር ጮኸ። አላነሣሁም። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁ፤ በአዲስ ዓመት ሳምንት ሰው የለኝም፣ ከቀረሽ ተመልሰሽ አትምጪ አለኝ። ይበል።

ቤት መጥቼ የገመዳን ቦቲ ጫማ አወጣሁ፤ ይሰፋኛል፣ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት። ኦቦ ዱጋሳ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸው እንቢ አሉ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሣ ነው። ነገ ሰበታ ከአ.አ. ጋር የሚያገናኛት ሌላ ሰው ትፈልግ። እኔ እንቅቡን ልይዝ ሄጃለሁ።